የአፈሙዝ ርዝመት

የአፈሙዝ ርዝመት ማለት በጠመንጃ፣ በሽጉጥ፣ በመትረየስ ወይም በመድፍ ውስጥ አረሩ ገና ሳይወጣ የሚጓዝበት ቱቦ ርዝመት ነው። ይህ ርዝመት የአረሩን የመውጫ ፍጥነት፣ የመሣሪያውን ክብደትና ሚዛን፣ የማነጣጠር ቅለትን፣ ርግጫን፣ ድምፅንና ብልጭታን ይነካል። «ረጅም ጠመንጃ ብርቱ ነው፣ አጭር ጠመንጃ ደካማ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ርዝመት ትርጉም የሚኖረው ከሚተኮሰው ጥይትና ከባሩዱ ዓይነት ጋር አብሮ ሲታይ ነው። ከመቅደላ ዘመን ሰናድር እስከ ዛሬው ክላሽንኮቭ ድረስ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ጠመንጃዎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው፤ አፈሙዛቸው ከግማሽ በላይ ሲያጥር የአረሩ ፍጥነት ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል።

ስያሜና አለካክ

በአማርኛ «አፈሙዝ» የሚለው ቃል አንዳንዴ ጥይቱ የሚወጣበትን ጫፍ ብቻ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቱቦውን በሙሉ ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ ቱቦው በሙሉ «አፈሙዝ»፣ መውጫው ደግሞ «የአፈሙዝ ጫፍ» ይባላል። «ጥይት» ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ ሲያመለክት፣ «አረር» ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው ብረት ብቻ ነው።

የአፈሙዝ ርዝመት ብዙውን ጊዜ የሚለካው መሣሪያው ተዘግቶ ሳለ ከመዝጊያው ፊት አንሥቶ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ድረስ ነው። ስለዚህ ጥይቱ የሚቀመጥበት ጎሬም በልኩ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ የሚገጠሙ ብልጭታ መቀነሻዎችና የመሳሰሉት ተነቃይ ዕቃዎች ግን አይቆጠሩም። በተሽከርካሪ ጎሬ ሽጉጥ (ሪቮልቨር) ጎሬው ከአፈሙዙ የተለየ ስለሆነ አይለካም። በመድፍ ደግሞ ርዝመቱ በአብዛኛው የሚነገረው በአፉ ስፋት ተባዝቶ ነው፤ ለምሳሌ የአፉ ስፋት 10 ሴንቲሜትር፣ አፈሙዙ 4 ሜትር የሆነ መድፍ «ባለ 40 ካሊበር» ይባላል።

የአፈሙዝ ርዝመትና የጠመንጃው ጠቅላላ ርዝመት አንድ አይደሉም። ጠቅላላው ሰደፉንና የመዝጊያውን ክፍል ይጨምራል።

አረሩ እንዴት ይፈጥናል

ቃታው ሲሳብ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል፤ ባሩዱም ይቀጣጠላል። ባሩዱ ሲቃጠል ብዙ ትኩስ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም በከፍተኛ ግፊት አረሩን ወደ ፊት ይገፋል። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ይገፋል፤ ጫፉን ካለፈ በኋላ ግን ጋዙ ወደ አየር ስለሚበተን ግፊያው ወዲያው ያበቃል። በዛሬ ጠመንጃ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው።

በፊዚክስ ትምህርት እንደሚታወቀው ሥራ የኃይልና የርቀት ብዜት ነው። አረሩ በረጅም ርቀት ላይ ሲገፋ የበለጠ ጉልበት ይቀበላል። ነገር ግን ግፊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል አይደለም። ባሩዱ እንደተቀጣጠለ ግፊቱ በፍጥነት ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አረሩ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ለጋዙ የሚተርፈው ቦታ እየሰፋ ግፊቱ እየወረደ ይሄዳል። ነገሩ ጋሪ እየገፋ የሚሮጥን ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ሙሉ ስለሆነ ጋሪው ቶሎ ይፈጥናል፤ እየደከመ ሲሄድ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃ የሚጨምረው ፍጥነት ያንሳል።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ሴንቲሜትሮች ዋጋ ከመጨረሻዎቹ እጅግ ይበልጣል። አፈሙዙ ከመጠን በላይ ከረዘመ ደግሞ የጋዙ ግፊት ከሰበቃው ኃይል በታች ሊወርድና አረሩ መዝገም ሊጀምር ይችላል። በጦር ጠመንጃዎች ይህ አያጋጥምም፤ ትንሽ ባሩድ ባለው የ5.6 ሚሊሜትር (በተለምዶ «ሀያ ሁለት») የስፖርት ጥይት ግን ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ካለፈ በኋላ ጭማሪው ያቆማል።

አንድ ዓይነት ጥይት፣ የተለያየ ርዝመት

የርዝመትን ውጤት ለይቶ ለማየት አንድ ዓይነት ጥይት የሚተኩሱ መሣሪያዎችን ማወዳደር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው የክላሽንኮቭ ጥይት (7.62 በ39 ሚሊሜትር) ለዚህ ይመቻል።

• ኤኬኤም ክላሽንኮቭ፦ አፈሙዝ 41.5 ሴንቲሜትር፣ የመውጫ ፍጥነት በሰከንድ 715 ሜትር
• ሲሞኖቭ (ኤስኬኤስ)፦ አፈሙዝ 52 ሴንቲሜትር፣ በሰከንድ 735 ሜትር
• አርፒኬ ቀላል መትረየስ፦ አፈሙዝ 59 ሴንቲሜትር፣ በሰከንድ 745 ሜትር

ከኤኬኤም ወደ አርፒኬ ሲኬድ አፈሙዙ በ17.5 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ከ40 በመቶ በላይ ይረዝማል፤ ፍጥነቱ ግን የሚጨምረው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአረሩ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ጭማሪው ወደ 9 በመቶ ይደርሳል።

አፈሙዙ በጣም ሲያጥር ግን ሁኔታው ይለወጣል። የኋለኛው ዘመን 5.45 ሚሊሜትር ጥይት ከኤኬ 74 ሲተኮስ (አፈሙዝ 41.5 ሴንቲሜትር) በሰከንድ 900 ሜትር ይወጣል። ያው ጥይት ከአጭሩ ኤኬኤስ 74ዩ ሲተኮስ (አፈሙዝ 20.65 ሴንቲሜትር) ፍጥነቱ ወደ 735 ሜትር ይወርዳል። አፈሙዙ በግማሽ ሲያጥር ፍጥነቱ በ18 በመቶ፣ የአረሩ ጉልበት ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል ማለት ነው። ከረጅሙ ጫፍ አሥር ሴንቲሜትር መቁረጥ ብዙ አይጎዳም፤ ከአጭሩ ላይ መቁረጥ ግን ዋጋው ከባድ ነው።

የመውጫ ፍጥነት ሲቀንስ አረሩ ወደ ዒላማው ለመድረስ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜም የምድር ስበት የበለጠ ወደ ታች ይስበዋል፣ ንፋስም የበለጠ ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ በአጭር አፈሙዝ ሩቅ ዒላማን ለመምታት ርቀቱን በትክክል መገመት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ርዝመትና አነጣጣሪነት

ረጅም አፈሙዝ በራሱ «አነጣጣሪ» አይደለም። አረሩ ሳይንገዳገድ እንዲበር የሚያደርገው በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝ ቦይ ነው፤ ቦዩ አረሩን እንደ እሽክርክሪት ያዞረዋል። ቦዩ በጥሩ ሁኔታ ከተሠራና የአፈሙዙ ጫፍ ካልተጎዳ አጭር አፈሙዝም አረሮቹን በጠባብ ቦታ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። እንዲያውም እኩል ውፍረት ካላቸው ሁለት አፈሙዞች አጭሩ ጠንካራና ንዝረቱ ያነሰ ነው።

የረጅም ጠመንጃ ዝና የመጣው በዋናነት ከማነጣጠሪያዎቹ ርቀት ነው። በብረት ማነጣጠሪያ የሚተኩስ ሰው የኋላውንና የፊቱን ማነጣጠሪያ ከዒላማው ጋር በአንድ መስመር ያደርጋል። ሁለቱ በተራራቁ መጠን ትንሽ የእጅ ስሕተት የሚያመጣው መዛነፍ ይቀንሳል። የፊት ማነጣጠሪያው 1 ሚሊሜትር ከመስመር ቢወጣ፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጠረው መዛነፍ እንደሚከተለው ይሰላል።

• የማነጣጠሪያዎቹ ርቀት 75 ሴንቲሜትር ሲሆን (እንደ ጥንቱ ረጅም ጠመንጃ)፦ 13 ሴንቲሜትር ገደማ
• 37.8 ሴንቲሜትር ሲሆን (ኤኬኤም)፦ 26 ሴንቲሜትር ገደማ
• 23.5 ሴንቲሜትር ሲሆን (ኤኬኤስ 74ዩ)፦ 43 ሴንቲሜትር ገደማ

በመነጽር ወይም በነጥብ ማነጣጠሪያ ሲተኮስ ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ ስለዚህ ዘመናዊ ማነጣጠሪያዎች ለአጭር ጠመንጃ መስፋፋት አንድ ምክንያት ሆነዋል።

አያያዝ፣ ርግጫና ድምፅ

አፈሙዝ የጠመንጃው ከባዱ ብረት ነው። ሲረዝም ክብደቱ ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ ክብደቱ ከተኳሹ እጅ ይርቃል። በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ድንጋይ ማሰር እንደሚከብድ ሁሉ፣ ረጅም አፈሙዝም ከዒላማ ወደ ዒላማ ለማዞር ያዘገያል። በሌላ በኩል ይኸው ክብደት እጅ ሲንቀጠቀጥ ጠመንጃውን ያረጋጋዋል።

ረጅም ጠመንጃ በፈረስና በበቅሎ ላይ፣ በጫካ፣ በጠባብ በርና በመኪና ውስጥ ያስቸግራል። ለዚህም ነው ብዙ አገሮች ከአንድ ንድፍ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ የሠሩት፤ ረጅሙ ለእግረኛ፣ «ካራቢን» የሚባለው አጭሩ ደግሞ ለፈረሰኛና ለመድፈኛ ይሰጥ ነበር።

አጭር ጠመንጃ የራሱ ችግሮች አሉት። ቀላል ስለሆነ ትከሻን የበለጠ ይራገጣል። ጋዙ ግፊቱ ሳይወርድ ስለሚወጣ ድምፁ ያይላል፣ ብልጭታውም ይጎላል፤ ምንጩም ወደ ተኳሹ ጆሮ ይቀርባል። ጫፉ በቀላሉ ስለሚዞር በቸልታ ወደ ራስ ወይም ወደ ባልንጀራ የማነጣጠር አደጋም ይጨምራል።

በጋዝ ኃይል የሚሠሩ መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ገደብ አለባቸው። ክላሽንኮቭ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው ከአፈሙዙ በቀዳዳ በሚወስደው ጋዝ ነው። አፈሙዙ ሲያጥር የጋዙ መጠንና ጊዜ ይዛባል። ኤኬኤስ 74ዩ ሲነደፍ ጫፉ ላይ የጋዝ ማጠራቀሚያ ክፍል የተጨመረበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍጥነቱ የቀነሰው አረር ሳይንገዳገድ እንዲበርም ጥምዝ ቦዩ ጠበቅ ብሎ እንዲዞር ተደርጓል። አፈሙዝን ማሳጠር ብረት መቁረጥ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን እንደገና መንደፍ ነው።

ተመሳሳይ ትምህርት ከጣሊያኑ ካርካኖ ይገኛል። የ1891 (እ.ኤ.አ.) ረጅም ካርካኖ ጥምዝ ቦይ ከጎሬው አጠገብ ላላ ብሎ ጀምሮ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ይበልጥ የሚዞር ነበር። ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ ረጅም ጠመንጃዎች ተቆርጠው ካራቢን ሲደረጉ፣ የተቆረጠው ይኸው አረሩን አብዝቶ የሚያዞረው የመጨረሻው ክፍል ነበር።

በኢትዮጵያ ታሪክ

በአማርኛ የቆዩት የጠመንጃ ስሞች ብዙዎቹ ከሠሪዎቻቸው ወይም ከነዳፊዎቻቸው ስም የመጡ ናቸው፤ ሰናድር ከስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ»፣ ምንሽር ከማንሊኸር፣ ለበን ከለበል፣ ሞዘር ከማውዘር። ከእነዚህ አንዳንዶቹን በአፈሙዝ ርዝመትና በመውጫ ፍጥነት ማነጻጸር ይቻላል።

• ሰናድር (የእግረኛው)፦ 93 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ
• ውጅግራ፦ 82 ሴንቲሜትር፣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ
• ለበን፦ 80 ሴንቲሜትር፣ በመጀመሪያው ጥይቱ በሰከንድ 630 ሜትር ገደማ
• ረጅም ካርካኖ፦ 78 ሴንቲሜትር፣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ
• ኤኬኤም ክላሽንኮቭ፦ 41.5 ሴንቲሜትር፣ በሰከንድ 715 ሜትር

ሰናድር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የያዘው ጠመንጃ ነው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ የተሠራ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊሜትር የአፍ ስፋት ያለው ጠመንጃ ሲሆን በዐፄ ምኒልክ ዘመን በብዛት ገብቷል። ሁለቱም የተነደፉት ለጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ብዙ ጭስና ዝቃጭ ይተዋል፤ ለአረሩ የሚሰጠውም ፍጥነት ውስን ነው።

የእነዚህ ጠመንጃዎች ርዝመት ከጥይት ፍጥነት በተጨማሪ የሳንጃ ጉዳይም ነበር። ውጅግራ ጠቅላላ ርዝመቱ 1.305 ሜትር ሲሆን፣ ሳንጃው ሲሰካበት ወደ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ጦር እንደ መያዝ ነው። በዘመኑ አስተሳሰብ እግረኛ ወታደር የፈረሰኛን ጥቃት ለመመከት ይህ ርዝመት ያስፈልገው ነበር። በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ሲተኩሱም የኋለኛው ሰው አፈሙዝ ከፊተኛው ፊት እንዲያልፍ ርዝመት ያስፈልጋል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት በጣሊያን እግረኛ እጅ የነበረው በብዛት ካርካኖ ሳይሆን የቆየው ቬተርሊ ቪታሊ ነበር፤ አፈሙዙ 86 ሴንቲሜትር፣ የአፉ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ነው። ከውጅግራ ጋር ያለው የርዝመት ልዩነት 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በአፈሙዝ ርዝመት ረገድ ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ነበሩ፤ ስለዚህ የድሉን ምክንያት በጠመንጃ ርዝመት ማስረዳት አይቻልም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለበን በዚሁ ባሩድ ወጣ። የለበን አፈሙዝ ከውጅግራ በ2 ሴንቲሜትር ያነሰ ቢሆንም ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 180 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሠራዊቶች ቀስ በቀስ አፈሙዝ ማሳጠር ጀመሩ። የጀርመን ማውዘር 98 አፈሙዝ 74 ሴንቲሜትር ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢትዮጵያ ከቤልጅግ የገዛቻቸው የማውዘር ዓይነት ጠመንጃዎች ግን ወደ 59 ሴንቲሜትር ያጠሩ ነበሩ። ጣሊያኖችም ከረጅሙ ካርካኖ ጎን 45 ሴንቲሜትር አፈሙዝና ተጣጣፊ ሳንጃ ያለውን የፈረሰኛ ካራቢን ይዘው ነበር።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የአሜሪካን ኤም 1 ጋራንድ ታጥቆ ነበር፤ አፈሙዙ 61 ሴንቲሜትር ነው። በደርግ ዘመን የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ሲገባ ክላሽንኮቭ ቦታውን ያዘ። በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ የወታደሩ አፈሙዝ ከ93 ወደ 41.5 ሴንቲሜትር ወረደ።

በአራዳና በፒያሳ

የዛሬው ፒያሳ በቀድሞ ስሙ አራዳ ይባላል። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ የነበረው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በዚሁ በአራዳ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው ወደ መርካቶ የተዛወረው። ገበያው በደራበት በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የጠመንጃ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ለዝርዝር ገንዘብነት ያገለግል ነበር፤ የውጅግራ ጥይት በተለይ የታወቀ ነው። ይህ ልማድ ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ጋር ይገናኛል፤ ረጅምም ይሁን አጭር፣ ልኩን ጥይት ያላገኘ ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም።

በፒያሳ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ የዐድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ደግሞ የ«ሴባስቶፖል» ቅጂ ቆሟል። ዋናው ሴባስቶፖል ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ያሠሩትና ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት የተጎተተው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሞርታር ነው።

ሴባስቶፖልን ያየ ተመልካች አፉ እጅግ ሰፊ፣ አፈሙዙ ግን አጭር መሆኑን ወዲያው ያስተውላል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ሞርታር ከባድ አረርን በዝግታ ወደ ላይ ወርውሮ ከምሽግ ጀርባ ለማውረድ የሚሠራ ስለሆነ ከፍተኛ ፍጥነት አያስፈልገውም። አፈሙዙ ቢረዝም ኖሮ ክብደቱ ይጨምር ነበር፤ የመቅደላን ዳገት ለመውጣት ደግሞ ያለው ክብደት ራሱ ከባድ ፈተና ነበር።

የተለመዱ የተሳሳቱ ግምቶች

• «አፈሙዙ በእጥፍ ቢረዝም ፍጥነቱም በእጥፍ ይጨምራል።» አይጨምርም። ጭማሪው እያነሰ የሚሄድ ነው።
• «ረጅም ጠመንጃ አይስትም።» ረጅም ጠመንጃ በብረት ማነጣጠሪያ ለማነጣጠር ያመቻል እንጂ አፈሙዙ በራሱ አረሩን አያቀናም።
• «አጭር ጠመንጃ አይገድልም።» ከአጭር አፈሙዝ የወጣ አረር ጉልበቱ ይቀንስ እንጂ ገዳይነቱ አይቀርም። የኤኬኤስ 74ዩ አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ ከድምፅ ፍጥነት በእጥፍ ይበልጣል።
• «የቆየ ጠመንጃ ቢቆረጥ ካራቢን ይሆናል።» በዘፈቀደ የተቆረጠ አፈሙዝ ጫፉ ይጎዳል፣ ማነጣጠሪያውም ይበላሻል፤ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መሥራቱን ሊያቆም ይችላል።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ብቻ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚመለከተው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ማጠቃለያ

የአፈሙዝ ርዝመት ምርጫ ነው። ለአረሩ ፍጥነት የሚገኘው ጥቅም በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሴንቲሜትር እያነሰ ይሄዳል፤ በተሸካሚው ላይ የሚጫነው ሸክም ግን እያነሰ አይሄድም። ጠመንጃ ሠሪዎች በየዘመኑ የሚፈልጉት እነዚህ ሁለቱ የሚመጣጠኑበትን ነጥብ ነው። ጥቁር ባሩድና ሳንጃ በነበሩበት ዘመን ነጥቡ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ነበር፤ ጭስ አልባ ባሩድና መኪና ሲመጡ ግን ወደ 60፣ ከዚያም ወደ 40 ሴንቲሜትር ወረደ።